የጥልፍ ማሽኑን ማን ነካው

ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ገመዱ» እያለ ነው የሚጠራው። ልጅ ሳለ ከኪሱ የተቆራረጠ ሽቦ ጠፍቶ አያውቅም ነበር፤ ካደገም በኋላ መተዳደሪያው ያው ሆነ። የየመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ከኮምፒውተር፣ የበሩን ካሜራ ከጥበቃው ክፍል የሚያገናኝ የኔትወርክ ሠራተኛ ነው። እጁ ፈጣን ነው። ደንበኛ ደውሎ «ቆመብን» ካለው የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሳል። ይህ ግን ለባዕድ ነው። ዘመድ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ዘመድ ተቀይሞ ወደ ሌላ ባለሙያ አይሄድም፤ ስለዚህ ዘመድ ይጠብቃል። የአጎቱ ቴሌቪዥን፣ የአማቱ ስልክ፣ የእህቱ ኮምፒውተር፣ ሁሉም «ነገ እመጣለሁ» የምትለዋን ቃል ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

ከሁሉም መጠበቅ የማይገባት ደግሞ ታላቅ እህቱ ነበረች። እትዬ ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ፊደል አልለየም። እትዬ ትምህርቷን ትታ ስፌት መኪና ፊት ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህም አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ዩኒፎርሙን የሰፋችለት እሷ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ የጣፈችለት እሷ፣ ወላጅ አምጣ ሲባል ሻሿን አስራ እንደ ትልቅ ሰው ድምፅዋን ወፈር አድርጋ የቀረበችለት እሷ። አስተማሪው «እናቱ ነሽ?» ሲላት «አዎ» ብላ ነበር፤ ያኔ እሷ ራሷ የተማሪ ዕድሜ ላይ ነበረች።

አሁን አምሳን ተሻግራለች። የቤቷን የፊት ክፍል በሩን ወደ መንገድ አዙራ ስፌት ቤት አድርጋዋለች። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ክር ነው፤ ቀይ ከቀዩ ጋር፣ ሰማያዊ ከሰማያዊው ጋር ተሰድሮ። መሀል ላይ መተኮሻው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ከመስታወቱ አጠገብ ደግሞ የክፍሉ ንጉሥ፣ የጥልፍ ማሽኑ። ብዙ መርፌ ያለው ትልቅ ማሽን ነው። ሲሠራ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። በአንድ ሰማያዊ ኬብል አጠገቡ ካለው ኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ተያይዟል። ኮምፒውተሩ ላይ የተሳለው አርማ በኬብሉ ወደ ማሽኑ ይሄድና ጨርቁ ላይ ክር ሆኖ ይወጣል። የማሽኑ የፍላሽ መሰኪያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከዚያች ኬብል በቀር ሌላ መንገድ የለም። ኬብሏን የዘረጋው ገመዱ ነው። ሁለት ዕቃዎች እንዲህ ቀጥታ ሲገናኙ መሀል ላይ ሆኖ የሚያስተዋውቃቸው ስለሌለ፣ ለእያንዳንዳቸው የቁጥር አድራሻ ሰው በእጁ ነው የሚሰጣቸው፤ አድራሻቸው የአንድ ሠፈር ካልሆነ አይተዋወቁም። ያንንም የሰጣቸው እሱ ነው።

ማሽኑን የምታሠራው ሴት «መርፌ» ትባላለች። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ንግግሯ ጥቂት ነው፣ የተናገረችው ግን ይወጋል። ገመዱ በመጣ ቁጥር «ጠላፊዋ ደህና ነሽ? ዛሬስ ማንን ጠለፍሽ?» ይላታል። እሷም ቀና ሳትል፣ «አንተን ልጠልፍ ነበር፤ የሚገዛህ አጣሁ» ትለዋለች። እትዬ በዚህ ስትስቅ መነጽሯ ከአፍንጫዋ ይወርዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገመዱ እዚያው አካባቢ መጋዘን ላይ ካሜራ ሊተክል መጣና ላፕቶፑ ድርቅ አለበት። ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ መስተካከል አለበት። የመጋዘኑ ሰውዬ ደግሞ እንደ ጥላ እየተከተለው «ደረሰ? ደረሰ?» ይለዋል። ገመዱ ካሜራውን በብብቱ ይዞ ወደ እትዬ ቤት ሮጠ። መርፌ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። ማሽኑ አስቀድሞ የተቀበለውን አርማ እየጠለፈ ነው። ገመዱ ሰማያዊውን ኬብል ከማሽኑ ነቅሎ ካሜራው ላይ ሰካ፤ ኮምፒውተሩ ከካሜራው ጋር እንዲነጋገር አድራሻውን ለወጠ፤ ያሰበውን ሁሉ አስተካከለ። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። የመጋዘኑ ሰውዬ ነው።

«ምሳ ሳትበላማ አትወጣም» አለች እትዬ፣ መተኮሻውን እንደያዘች።

«ቸኩያለሁ እትዬ፣ ሌላ ቀን።»

ኬብሉን ወደ ማሽኑ መለሰ፤ ቀጭ ብሎ መግባቱንም በጆሮው አረጋገጠ። የመለሰው ግን ኬብሉን ብቻ ነው። አድራሻውን አልመለሰም። መንገድ ላይም አላስታወሰ፣ መጋዘኑም ጋ አላስታወሰ፣ ማታ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሲጫወትም አላስታወሰ። ከሐሳቡ እልም ብሎ ጠፋ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ደወለች። ገመዱ አንድ ቢሮ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ራሱን ኮርኒሱ ውስጥ ቀብሮ፣ ፒንሳውን በጥርሱ ነክሶ ነበር፤ ከኮርኒሱ ወጥቶ ፒንሳውን ኪሱ ከተተና ስልኩን አነሳ።

«ገመዱ፣ ማሽኑ አርማውን አልቀበልም አለ። የትምህርት ቤቱ የዩኒፎርም አርማ ነው እኮ፤ ትምህርት ሊከፈት ነው።»

«ኬብሉ የገባበት ጋ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። ትበራለች?»

«ብልጭ ብልጭ ትላለች።»

«እንግዲያው ኬብሉ ደህና ነው። ሁለቱንም አጥፍታችሁ አብሩ።»

«አጥፍተን አበራን እኮ። መርፌ ስትታገል ነው ያረፈደችው።»

ታች ያለው የቢሮ ኃላፊ ሰዓቱን አየ። ገመዱም ማየቱን አየና ጥድፊያ ያዘው። ከዚያ፣ በሥራው ላይ ሺህ ጊዜ የሚላትን፣ ሳያስብ የሚላትን ነገር አላት። «እትዬ፣ ሰው ሳይነካው በራሱ እንዲህ አይሆንም። ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል? እኔ እንደሆንኩ ማብራትም አላውቅበት። ያው መርፌ ናት እንጂ።»

«በቃ፣ የሆነ ነገር ነክታ ይሆናል። ጠይቂያት። ነገ እመጣለሁ።»

ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣም። እትዬ ስትደውል «እየመጣሁ ነው» ይላታል፤ እየሄደ ያለው ግን ወደ ሌላ ቦታ ነው። መጨረሻ ላይ መደወሏን ተወች። ይሄኔ ነው ትንሽ የከበደው፤ አንድ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ሄደ።

ሲገባ ክፍሉ ጭር ብሏል። የማሽኑ ድምፅ የለም። የመርፌ ወንበር ጠረጴዛው ሥር ተገፍቶ ገብቷል፤ ሁልጊዜ መደገፊያው ላይ የምትሰቅለው ሽርጥም የለም። እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አርማውን በእጇ ትጠልፋለች። አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር ጠምጥማለች። መጽሐፍና ችቦ ያለበት አርማ ነው፤ ችቦው ላይ ስትደርስ ዓይኗን እያጨነቆረች ጨርቁን ወደ ብርሃኑ ታዞረዋለች።

«መርፌስ?»

«ሄደች።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወዴት እንደሄደች።» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና መነጽሯን አወለቀች። «ጠየቅኋት፤ አንተ እንዳልከኝ። ምን ነካሽ አልኳት። ምንም አልነካሁም አለችኝ። ከአንቺ በቀር የሚነካው የለም፣ ወንድሜ ሰው ሳይነካው አይበላሽም ብሏል፣ እሱ ደግሞ ባለሙያ ነው አልኳት። ሰው ቆሞ ነበር፤ ጨርቅ ሻጩ ጎረቤታችን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር። መቀሷን አስቀምጣ አየችኝ። እኔም ንዴቴ ገነፈለ፤ ጥፋትሽን ብታምኚ ምን አለበት፣ ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ትክጃለሽ አልኳት። መቀሷን አነሳች፣ ሽርጧን አጣጥፋ በእጇ ያዘች፣ ደህና ይሁኑ እትዬ ብላ ወጣች። ይኸው ነው።»

ገመዱ «ይገርማል» ብቻ አለ። እሱም መርፌን ታዝቧት ነበር፤ ነክታ ከሆነ ብትናገር ምን ነበረበት እያለ ነው ማሽኑ ሥር የተንበረከከው።

መብራቷን አየ፤ ብልጭ ትላለች። ኬብሉን ነቅሎ በመፈተሻው ሁለቱን ጫፎች ሞከረ፤ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች በየተራቸው አንድም ሳይዘሉ በሩ። እንደዚያም ሆኖ ከቦርሳው አዲስ ኬብል አውጥቶ ቀየረው። ለውጥ የለም። ከኮምፒውተሩ ላይ ማሽኑን «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ መልእክት ላከ፤ መልስ የለም። ማሽኑን እንደገና ጠየቀ፤ ዝም። የማሽኑን ስክሪን ከፈተ፤ አድራሻው እሱ ያኔ እንደሰጠው አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የአድራሻ ገጽ ከፈተ።

ክው አለ።

እዚያ የተጻፈው ቁጥር የጥልፍ ማሽኑ ሠፈር አይደለም። የካሜራው ሠፈር ነው። መጋዘኑ ላይ የሰቀለው፣ ሰውዬው እንደ ጥላ የተከተለበት፣ ምሳ ሳይበላ የሮጠበት የዚያ ካሜራ። በገዛ ጣቱ የጻፈው ነው። የመጨረሻዋን ቁጥር ለራሱ እንዲቀለው ሁልጊዜ የልጁን የልደት ቀን ነው የሚያደርጋት፤ ይኸው አሁንም እሷ ናት። በዓለም ላይ ይህን ቁጥር እዚህ ቦታ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም።

መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አገኘኸው?» አለች እትዬ ከኋላው።

«አዎ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። እሱ ግን ሌላ ቃል አወጣ። «ትንሽ ነገር ነው» አለ። «አድራሻው… ተለውጦ ነው።»

«አየህ? ነክታዋለች ማለት ነው።»

ገመዱ ቁጥሩን እያስተካከለ ዝም አለ። ውሸት አልተናገረም። ዝም ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ዝምታው እህቱ ጆሮ ውስጥ ገብቶ «አዎ» ሆኖ እንደተቀመጠ ጀርባው ሁሉ ነገረው። አርማውን ላከ፤ ማሽኑ አንድ ጊዜ ጢጥ አለና ዝናቡ ጀመረ። እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እጅህ ይባረክ። ከክፉ ይጠብቅህ። እኔ እኮ ሌላ ዕቃ ግዙ ትለናለህ ብዬ ስሰጋ ነበር የሰነበትኩት። አንተን ማስተማሬ ለዚህ ቀን ነው።»

ሰው ሲሰድበው መልስ የማያጣው ሰውዬ፣ ለዚህ ምርቃት «አሜን» ማለት አቃተው። እትዬ ለልጁ የሰፋችውን ሹራብ መሳይ ካኒቴራ ጠቅልላ ብብቱ ሥር አስገባችለት፤ አንገትጌው ላይ ትንሽ ወፍ ጠልፋበታለች። ተቀብሎ ወጣ። የተሰረቀ ዕቃ የያዘ ይመስል እርምጃው ተጣደፈ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ካኒቴራውን ዘርግታ አየችና «እትዬ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አለች። ገመዱ ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ። በሚቀጥሉት ቀናትም ራሱን በራሱ ሲሟገት ሰነበተ። መርፌ አልሄድም ብትል ኖሮ እሱ መጥቶ ያጣራ ነበር፤ ለምን ተቸኮለች? እትዬስ በሰው ፊት መናገር ምን አስፈለጋት? እሱ «ይሆናል» ነው ያለው፤ «ነው» አላለም። ክርክሩን ሁሉ ይረታል፤ ረትቶ ሲጨርስ ያቺ ጠረጴዛ ሥር የተገፋች ወንበር ፊቱ ድቅን ትላለች።

ያን ሰሞን አንድ ድርጅት ተጠርቶ ሄደ። ማተሚያው ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ጋር አልነጋገርም ብሏል። ገመዱ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ ወደ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ዞሮ «ማን ነካው?» አላት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ምንም እንዳልነካች ከፊቷ ያስታውቃል፤ ነክታ ይሆን ብላ እየፈራች መሆኑም ያስታውቃል። ገመዱ ነገሩን አየና ሐሞቱ ፈሰሰ።

«ማንም አልነካውም» አለ። «ያለቀ ኬብል ነው።» ኬብሉን ገና አላየውም ነበር። ደግነቱ እውነትም ኬብሉ ሆኖ ተገኘ፤ በር ሲመላለስበት ተልጧል።

ከዚያ እንደወጣ እግሩ ወደ እትዬ ሠፈር ወሰደው። ወደ ስፌት ቤቱ ግን አልገባም፤ አጠገቧ ካለው ጨርቅ ሻጭ ሱቅ ጎራ አለ። ጨርቅ ሻጩ ወሬ የማይሰለቸው፣ ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ የሚደርስ ሽማግሌ ነው።

«ጋሼ፣ መርፌ የት እንደምትኖር ያውቃሉ?»

«ጠላፊዋን? ኮምፒውተሩን ጠልፋው ሄደች አሉ እኮ።» በገዛ ቀልዱ ሳቀ። «ከወንዙ ማዶ፣ ውሃ ታንከሩ ሥር ነው ቤቷ። እንዲያውም መንገዱ ማዶ ያለችው የመጋረጃ ቤቷ ባለቤት ልትቀጥራት አስባ እኔን መጥታ ጠይቃኝ ነበር። ምን ልበላት? ያየሁትን ነገርኳት። ማሽን አበላሽታ አላመነችም፣ እህትህ እንደሆነች ሰውን በከንቱ አትከስም አልኳት። ሴትየዋም ተወችው።»

ገመዱ የያዘውን ጨርቅ ሳያውቀው ጨመደደው። ጥፋቱ አንድ ክፍል ውስጥ የቀረ መስሎት ነበር። ለካስ በሩን ከፍቶ ወጥቶ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ እንጀራዋ ላይ ቆሟል።

መርፌ ግቢዋ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ጠርዝ በእጇ ትቀምቅማለች። ስታየው አልደነገጠችም። ተነሳችና ያላትን አንድ ወንበር ለእሱ አመጣች፤ እሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው። «እትዬ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። መርፌ… ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አቆመችው። ገመዱ ነገራት። ካሜራውን፣ ላፕቶፑን፣ ሰማያዊውን ኬብል፣ ያልመለሰውን አድራሻ። ልብስ ልታደርስ በወጣችበት ሰዓት እንደሆነ። እትዬን በስልክ ያላትንም፣ በኋላ ዝም ያለውንም። አንዱንም አላስቀረም፤ እየተናገረ ሳለ ግን ነገሩ ምን ያህል ትንሽ፣ ምን ያህልም ክፉ እንደሆነ ለራሱ ጆሮ ይሰማው ነበር።

መርፌ ጨርቁን ጭኗ ላይ አጠፈች። እንድትሰድበው ጠበቀ፤ ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

«እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «የነካሁ መስሎኝ ነበር።»

«ምን?»

«መጀመሪያ አልነካሁም ብዬ ነው የወጣሁት። ቤት ስገባ ግን፣ እትዬ እንዲህ ፊት ለፊት አይዋሹም፣ አንተም ሥራህ ነው ታውቃለህ አልኩ። እጄን እያየሁ፣ ያን ቀን ምን ጫንኩ፣ ጠዋት ምን ጫንኩ እያልኩ አንድ በአንድ ሳስታውስ ከረምኩ። አንድ ጊዜ ስክሪኑን ሳጸዳ ጨርቁ የሆነ ነገር ነክቶ ነበር። እሱ ይሆናል አልኩ። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁሉ ተነስቼ ነበር፤ በሩ ጋ ደርሼ አፍሬ ተመለስኩ።» ቀና ብላ አየችው። «ሌላው ይቅር። እጄን ማመን ነው ያስተዉኝ። ይኼኛውን አልጠበቅሁም ነበር ከእርስዎ።»

«እርስዎ» አለችው። ይህች «የሚገዛህ አጣሁ» የምትለው ሴት። ገመዱ ከስድብ ሁሉ የባሰ ስድብ እንዳለ ያን ቀን አወቀ።

«ምን ላድርግ?» አላት።

«ለእኔ ነገሩኝ። እኔ እንዳልነካሁት ድሮም ማወቅ ነበረብኝ። ለእሳቸው ይንገሩ።»

እትዬ ጋ ሲደርስ ማሽኑ እየሠራ ነው። ብቻዋን ስለምታሠራው ክር በተበጠሰ ቁጥር ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷም ከስፌቷ እየተነሳች ትሮጣለች። ገመዱ ማሽኑን አጠፋው። ከዚያ ነገራት።

እትዬ አልጮኸችም። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ያልቆሸሸ መነጽር ደጋግማ ጠረገችው።

«ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበላህም» አለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔን ምን አደረግኸኝ? አንተ ይሆናል ነው ያልከው። ነው ብዬ በሰው ፊት ያዋረድኳት እኔ ነኝ። አብራኝ ስንት ዘመን ሠርታ፣ ታምሜ ስተኛ ቤቴን ከፍታ የምትዘጋው እሷ፤ ቁልፉን ሰጥቻት ተኝቻለሁ እኮ። እና አንድ ቀን ‹አልነካሁም› ስትለኝ አላመንኳትም።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «የአንተን ቃል እንደ ፍርድ ቤት ቃል ነዋ የያዝኩት።»

ገመዱ ይህን ሲሰማ ቀለል የሚለው መስሎት ነበር። ባሰበት። ጥፋቱን ከእጁ ወስዳ እሷ ስትሸከመው ማየት፣ ልጅ ሆኖ የሰበረውን የጎረቤት መስኮት «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብላ ስትገረፍለት እንደማየት ነው። «አይደለም፣ እትዬ» አላት። «የአንቺ ለብቻው ነው፣ የእኔ ለብቻው ነው። ባወቅሁ ጊዜ እንኳ ዝም አልኩሽ። መረቅሽኝ፤ ያንን ይዤ ሄድኩ።»

እትዬ አየችው። እንዲህ አድርጋ ያየችው ከልጅነቱ ጀምሮ ጥቂት ጊዜ ነው። «እሱስ ያሳዝነኛል» አለች፤ ከዚያ ሻሿን አስተካክላ «ተነስ እንሂድ» አለችው።

ከወንዙ ማዶ ሄዱ። እትዬ በሩ ላይ እንደደረሰች የመርፌ እግር ላይ ልትወድቅ ነበር፤ መርፌ በሁለት እጇ ያዘቻት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ገመዱ ውሃ ታንከሩን እያየ ቆመ። እትዬ «ነይ ወደ ቤትሽ፣ ወንበርሽ እንዳለ ነው» አለቻት።

«አልተቀየምኩም እትዬ» አለች መርፌ። «ግን አልመለስም። ከእንግዲህ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ዓይንዎ ወደ እኔ ባይዞር እንኳ የዞረ ይመስለኛል። እንዲህ እየፈራሁ መጥለፍ አልችልም።»

እትዬ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ» አለች መርፌ። «በጋሼ ፊት ነው የተባልኩት። በእሳቸው ፊት ይባልልኝ።»

በማግሥቱ ሦስቱም ጨርቅ ሻጩ ሱቅ ገቡ። እትዬ ልትጀምር ስትል ገመዱ ቀደማት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ገበያተኞች ነበሩ፤ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ቃጣውና ተወው። «ጋሼ፣ ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አልነካችም። እኔ ነኝ ረስቼ የሄድኩት፣ እኔ ነኝ ያሳማኋትም።» ሽማግሌው እንደልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የመርፌን ፊት አየና ዘጋው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሱቁን ለገበያተኞቹ ትቶ በቀጥታ ወደ መጋረጃ ቤቷ አመራ። ወሬ የሚወድ ሰው ለዚህም ይጠቅማል።

የመጋረጃ ቤቷ ባለቤት መርፌን ወሰደቻት። የትምህርት ቤቱ አርማ ግን ዘገየ። ገመዱ ከሥራው መልስ እየመጣ ከእትዬ ጋር ማሽኑን ሲያሠራ ሰነበተ። ኬብል የለመደው ጣቱ ክር ማስገባት አቅቶት ስንት ጨርቅ አበላሸ። ችቦው አንዳንዱ ላይ ችቦ ሳይሆን ማንኪያ መሰለ። ትምህርት ተከፍቶ ልጆቹ ያለ አርማ ሲገቡ ርዕሰ መምህሩ እትዬን ደህና አድርገው ተቆጧት፤ እሷም «የእኔ ጥፋት ነው» ብላ ተቀበለች። ገመዱ በሩ ጋ ቆሞ ሰማ። ወደፊት ሊራመድ ሲል በዓይኗ ገታችው።

አንዳንድ ጥፋት ተናግረውትም አያልቅም። ገመዱ መርፌን በመንገድ ያገኛታል፤ ጤናውን ትጠይቀዋለች፣ የልጁንም ትጠይቃለች፣ «እርስዎ» እያለች። እትዬና መርፌ ግን ቀስ በቀስ መጠያየቅ ጀምረዋል፤ መርፌ አልፎ አልፎ ብቅ ትልና እትዬ በእሷ ምትክ የቀጠረቻትን ልጅ የክሩን አወጣጠር ታሳያታለች፤ ወንበሩ ላይ ግን አትቀመጥም፣ ቆማ ነው የምታሳየው።

ገመዱም በሳምንት በሳምንት ይመጣል፤ ተጠርቶ አይደለም። አንድ ቀን እትዬ ከስፌቷ ቀና ብላ፣ «ማሽኑ ደህና ነው እኮ፤ ምን እግር ጣለህ?» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አንስቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ከተጠለፉት ጨርቆች ጀርባ የተንጠለጠለውን ክር አንድ በአንድ መቁረጥ ያዘ። እትዬ ትንሽ ስታየው ቆየችና፣ ምሳ ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።